ዳማ ቀድሞኝ ይደርሳል

በሱሉልታ ስለ ፈረስ ከኦቦ ጋሮማ ጋር የሚከራከር ሰው ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ጠጥቷል። ሰውየው በጎረምሳነቱ በጥምቀት ሜዳ ጉግስ ሲጫወት ስሙ እስከ ጫንጮ ይሰማ ነበር። አግብቶ ጎጆ ሲወጣ ጋሪ ገዛና ከየገበሬው ደጅ ወተት እየለቀመ፣ ጎጃም መንገድ ዳር ካለው ማሰባሰቢያ ማድረስ ጀመረ። ጋሪ ከአስፋልት ይውረድ ሲባል ወረደ። ባጃጅ መጥቶ ሰፈሩን ሲሞላው፣ "ይኼ ጢንዚዛ ዳገት ሲያይ ያለቅሳል" እያለ እየተሳደበ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ማመላለሱን ቀጠለ። ማለዳ ለልምምድ የሚወጡት ሯጮች አጠገቡ ሲደርሱ፣ "ልጓም ቢኖራችሁ አንዳችሁን እገዛ ነበር" ይላቸዋል። እነሱም ስቀው ያልፋሉ።

ሌላም ሥራ ነበረው፤ ማንም ያልቀጠረው፣ ማንም ግን ከሱ በቀር የማይነካው። በዚያ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል። ኮርቻው ላይ የሟቹ ልብስ ይደረጋል፤ ካፖርቱ ወይ ጋቢው። ከዚያ አንድ ሰው በግራ በኩል ሆኖ፣ አንድ እጁን ልጓሙ ላይ፣ አንድ እጁን ኮርቻው ላይ አድርጎ፣ ፈረሱን በለቀስተኛው መሀል ያዞረዋል። ሕዝቡ ከኋላ ይከተላል። እስከዚያ ዝም ያለ ሰው እንኳ ባዶ ኮርቻ ሲያይ አይችልም፤ ያለቅሳል። የሰዉን ሁሉ ፈረስ የሚያዞረው ጋሮማ ነበር። በደህና ቀን እንደሚሮጥ ሰው የሚፈጥነው ሰውዬ፣ ያን ጊዜ እያንዳንዱን እግሩን ከመሬት እየለመነ የሚያነሳ ይመስላል። አንገቱን ወደ ፈረሱ ዘንበል አድርጎ፣ ማንንም ሳያይ ይሄዳል። ሚስቱ ኤቢሴ ይኼን አረማመድ አትወደውም። ከለቅሶ በተመለሰ ቁጥር በር ላይ ታቆመውና፣ "አባ ሌንጮ፣ ያን አረማመድህን ቤት ይዘህ እንዳትገባ" ትለዋለች። እሱም እንደ ቀልድ እግሩን ሁለት ጊዜ አራግፎ ይገባል።

ከፈረሶቹ ሁሉ አንዱን እንደ ሰው ይወደው ነበር። ዳማ ይባላል፤ መልኩም ዳማ ነው፣ ቀይ ቡኒ። ስለ ዳማ ሲያወራ ኤቢሴ፣ "እኔን ልታገባ ስትመጣ እንኳ እንዲህ አላወራህም" ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ አላወራም።

ይኼን ፈረስ ነው የሸጠው። አንድ ልጃቸው ሌንጮ ደቡብ አፍሪካ ካልሄድኩ ብሎ እህል አልበላ ሲል፣ ለመንገዱ የሚሆን ሌላ የሚሸጥ ነገር ቤት ውስጥ አልነበረም። ገዢው ዳማን እየሳበ ሲወጣ ጋሮማ ጓሮ ገብቶ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ሌንጮ አየው።

"አባኮ፣ ፈረስህን እመልስልሃለሁ" አለው።

"አንተ ብቻ ተመለስ" አለ ጋሮማ።

ልጅ ሲሄድ ብዙ ይላል፤ እንጀራ ሲያገኝ ግማሹን ይረሳል። ሌንጮ አልረሳም። ሱቅ ተቀጥሮ ሠራ፣ ቆይቶ ከጓደኛው ጋር የራሱን ከፈተ፣ ሁለት ጊዜ ተዘረፈ፣ እንደገና ከፈተ። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ፣ አባትና እናቱን በኢሞ ጠራቸው። ስልኩ ላይ አንድ ቀይ ቡኒ ሞተር ብስክሌት ታየ።

"አባኮ፣ እስቲ ማን እንደሆነ እወቀው" አለ። "ዳማ ነው።"

ጋሮማ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሲያየው ቆየና፣ "ጆሮ የለውም" አለ። ሦስቱም ሳቁ።

"ይኼን ይዤ በመሬት እመጣለሁ። ብቻዬን፣ አገር ለአገር እያቋረጥኩ። ለጥምቀት ደጅህ ላይ አስርልሃለሁ።"

ኤቢሴ ስልኩን ነጠቀችው። "ሰው ሁሉ በአውሮፕላን እየመጣ አንተ ምን ሆነህ ነው?"

"ሃዳኮ፣ ፈረስ በአውሮፕላን መጥቶ ያውቃል?"

ያን ሌሊት እሷ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ጋሮማ ግን፣ ምን ያደርጋል፣ ደስ ብሎታል። "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ልጅሽ ደግሞ ጋላቢ ነው፣ የማን ልጅ ሆነና" እያለ አጽናናት። በማግስቱ ወተት ማሰባሰቢያው ሰልፍ ላይ ለቆመው ሁሉ ነገረ። ማታ ደግሞ ዳማ ይታሰርበት የነበረውን የጽድ ግንድ ጸንቶ መቆሙን ለማየት ወጥቶ ነቀነቀው።

ከዚያ ወዲያ የቤቱ ወሬ ሁሉ መንገድ ሆነ። ሌንጮ ኔትወርክ ባገኘበት ሁሉ ድምፁን ቀድቶ ይልካል። ዚምባቡዌ ገባሁ፣ ዛምቢያ ደረስኩ፣ ጎማ ፈንድቶ ነበር አሠራሁት፣ ዛሬ ዝሆን መንገድ ዘግቶ አስቆመኝ። ጋሮማ መልሶ ይጠይቀዋል፤ "ውሃ አጠጣኸው?" ቤንዚን ማለቱ ነው። "አጠጣሁት" ይላል ልጁ። "አላበው?" "አላላበውም፣ ቀስ እያልኩ ነው።" እንዲህ ሲባባሉ ለሰሚው አብረው የሚጋልቡ ነው የሚመስለው።

የመጨረሻው ድምፅ የመጣው በጥቅምት ነው። ኤቢሴ በቃሏ ታውቀዋለች፤ እኔም ከእሷ ሰምቼ አውቀዋለሁ።

"አባኮ፣ ሃዳኮ፣ ደህና ናችሁ? ከፊቴ ትልቅ ሐይቅ አለ፣ ማዶው ታንዛኒያ ነው። የመኪናው መንገድ በዝናብ ተቆርጧል። የሰው ጀልባ ሞተር አይጭንም፣ የጭነቱ መርከብ ሰው አይጭንም። ስለዚህ ዳማን ዛሬ በጭነት ላክሁት። ቤንዚኑን ቅዳ፣ የባትሪውን ገመድ ፍታ አሉኝ፤ ቀዳሁ፣ ፈታሁ። እንደ ፈረስ አራት ቦታ አስሬዋለሁ። ገመዱ ኮርቻውን እንዳይልጠው ጃኬቴን ከላይ አድርጌለታለሁ። እኔ ነገ በጀልባ እከተላለሁ። ዳማ ቀድሞኝ ይደርሳል።"

ዳማም ቀድሞት ደረሰ። ጀልባዋ ግን ማዶውን አላየችም።

ይኼን ለጋሮማ የነገረው ሰላሃዲን ነው። ሰላሃዲን የሌንጮ የሱቅ ሸሪክ የነበረ፣ ኋላ ናይሮቢ የከተመ የወልቂጤ ልጅ ነው። ወሬውን እንደሰማ ሥራውን ጥሎ ሐይቁ ዳር ድረስ ሄደ። ውሃው የመለሳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አየ፤ ሌንጮ የለም። ሰንብቶ ጠበቀ፤ የለም። ከጀልባዋ የወጣ አንድ ሰው ግን ሌንጮን እስከ መጨረሻው አይቶታል፤ የሰው ሕፃን አቅፎ ነበር አለ። ከዚያ ወዲያ የሚጠበቅ ነገር ስላልነበረ ሰላሃዲን ስልኩን አነሳ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይኼን ያውቃል፣ አሳዳጊ የበደለው ልጅ አይደለም። ግን ከዚያ ማዶ ሆኖ ሽማግሌ ከየት ይላክ?

"ኦቦ ጋሮማ፣ አጠገብዎ ሰው አለ?" አለ።

ጋሮማ ጋሪው ላይ ጀሪካን እያሰረ ነበር። "ፈረሱ አለ" አለ።

ከዚያ በኋላ ሰላሃዲን የተናገረውን ሁሉ አዳምጧል። መስማት ያለበትን ግን በመጀመሪያው ጥያቄ ሰምቶ ጨርሶ ነበር። ጋሪውን ትቶ በእግሩ ወደ ዋቆ ቤት ሄደ።

ዋቆ የዕድሩ ዳኛ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ምክር ግን ደግ ሰውም ይመክራል። ጋሮማን አስቀምጦ፣ አብሮት አልቅሶ፣ ሲረጋጋ እንዲህ አለው፤ "ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። እናቱ፣ ሃዳ ሌንጮ፣ ምን አይታ ትመን? ምን ይዛ ታልቅስ? ዕብድ ትሆናለች። የላከው ፈረስ ይምጣ። ፈረሱ ሲደርስ እኔ ግቢ ያድራል፤ በማግስቱ በማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዤ እነግራታለሁ፣ አንተም አዙረህለት ወግ ባለው ለቅሶ እንሸኘዋለን። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።" ጋሮማ እሺ አለ። ሞተር ከአገር አገር መላክ የጥቂት ቀን ጉዳይ መስሎት ነበር።

ቤት ሲገባ ኤቢሴ ላሟን እያለበች ነው። "ሌንጮ በሰው መልእክት ልኮልናል" አላት። "ስልኩ ውሃ ገብቶበታል። እዚያ ትንሽ ሥራ አግኝቶ ይቆያል፤ ሞተሩን ቀድሞ ይልከዋል።"

ቀና አላለችም። "ብሏል እኮ ራሱ። ዳማ ቀድሞኝ ይደርሳል ብሏል" አለችና ማለቧን ቀጠለች።

ልጁ ራሱ በአፉ የተናገረው ነገር ለአባቱ ውሸት መሸፈኛ ሆነ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የተናገረው ሰው የጋሮማን አላየም፤ የሱ እያደር ይከብድ ነበር። ኤቢሴ የሌንጮን ክፍል ግድግዳ ነጭ ቀለም አስቀባች። አዲስ ፍራሽ አስመጣች። ላም ስታልብ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ የልጇን ድምፅ ትከፍታለች፣ ሲያልቅ መልሳ ትከፍታለች። ጋሮማ ያን ድምፅ እየሰማ እዚያው ቤት ውስጥ ራቱን ይበላል። ማልቀሻው ጋሪው ሆነ። ሰው በሌለበት የውስጥ መንገድ ላይ ያለቅስና፣ ማሰባሰቢያው ጋ ሲደርስ ጀሪካን በሚታጠብበት ውሃ ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። "ዓይንህ ምን ሆነ?" ስትለው፣ "አቧራ" ይላታል። የሱሉልታ አቧራ ስንቱን ሸፍኗል።

ሞተሩ በበኩሉ አገር ለአገር ይንከራተታል። ሰላሃዲን ከሐይቁ ወደብ አስወጥቶ በጭነት መኪና ናይሮቢ አስገባው፤ ከናይሮቢ ሞያሌ ላከው። ሞያሌ ላይ ቆመ። ዋቆ፣ ቡራዩ የሚኖረውን የእህቱን ልጅ ወንዲን አገናኘው። ወንዲ ትራንዚተር ነው፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ እያወጣ የሚኖር። ጋሮማ ቡራዩ ድረስ ሄዶ አነጋገረው።

"ሞተሩ በልጅዎ ስም ነው" አለው ወንዲ፣ ቃል እየመረጠ። "ባለቤቱ ይቅረብ ነው የሚሉት። ካልቀረበ የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል። ከዚያ አገር የመጣው ወረቀት ጀልባዋ ላይ ነበር ይላል እንጂ ሞቷል አይልም። እዚህ ቀበሌ ሄደው፣ ምስክር አቁመው፣ በአባትነትዎ መፈረም አለብዎት።"

"ሳላለቅስለት ልፈርምበት?" አለ ጋሮማ።

ወንዲ ወረቀቱን አጠፈ። ጋሮማም ተነስቶ ወጣ፣ ብዙ ቀንም ወደ ቀበሌው ደጅ አልደረሰም። ሬሳው አልተገኘም እኮ። ልቡ በአንድ በኩል ሞቷል ይላል፤ በሌላ በኩል ደግሞ፣ ሰው ዋኝቶ የሆነ ቦታ ይወጣል፣ ስሙን የማያውቁ ሰዎች ያስታምሙታል፣ እንዲህ ያለ ነገር ስንቴ ተሰምቷል ይላል። የፈረመ ቀን ይኼኛው ልቡ ዝም ሊል ነው። እና ፈራ።

እንዲፈርም ያደረገችው ማን ሆነችና። ኤቢሴ ናት።

"ሞተሩ የት ደረሰ?" አለችው አንድ ቀን፣ ድርቆሽ እየከመሩ።

"ሞያሌ።"

"አሁንም ሞያሌ? ምን ይሠራል እዚያ?"

"ወረቀት ይጠብቃል።"

"ማነው የሚፈርመው?"

ዋሽቶ ዋሽቶ የደከመ ሰው አንዳንዴ ሳያስበው እውነት ያመልጠዋል። "እኔ ነኝ" አለ።

ኤቢሴ መንሹን መሬት ላይ ተከለችው። "አንተ? አንተ ነህ ያስቆምከው? ልጄ ለሱ ብለህ የሸጥከውን ፈረስ ልመልስለት ብሎ ስንት አገር አቋርጦ ይልካል፣ አንተ አንዲት ፊርማ ሰንፈህ መንገድ ላይ ታስቀርበታለህ? ነገ ሄደህ ፈርም። ለኔ ስትል ፈርም።"

"እሺ" አላት።

በማግስቱ ዋቆንና ሁለት ሰዎችን ይዞ ቀበሌ ሄደ። ወረቀቱን የምትሞላው ሔለን የምትባል፣ በቅርብ የተቀጠረች፣ የአገሩን ሰው ገና ያልለየች ልጅ ናት። የሟች ስም ብላ ጠየቀች፤ ነገራት። የአባት ስም፤ የራሱን ስም ነገራት። የሞተበትን ቀን ነገራት። የተቀበረበት ቦታ ስትለው ዝም አለ። ያልሰማት መስሏት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችለት።

"ውሃ" አለ ጋሮማ።

ሔለን ብዕሯን አስቀመጠች። "አባባ፣ ይቀመጡ" አለችና የራሷን ወንበር ሰጠችው። እሷ ቆማ ሞላችለት። ጅራፍና ልጓም በኖረበት እጁ ፈረመ። ሲወጡ ዋቆ ክንዱን ያዘው። "ዋቆ" አለው ጋሮማ፣ "ልጄን ዛሬ በገዛ እጄ ነው የገደልኩት።"

ወረቀቱ ከሄደ በኋላ ሞተሩ ቶሎ ተለቀቀ። ያመጣው ዘርሁን የተባለ የሰበታ ሰው ነው፤ ሞያሌ ድረስ ጭኖ የሚመላለስ ኢሱዙ አለው። ሰበታ ቤቱ አድሮ በማግስቱ ሱሉልታ ያደርሰዋል ተባለ። ጋሮማ ለኤቢሴ ገለባ ልገዛ ነው ብሎ በጠዋት ሰበታ ወረደ። ጥምቀት ሊደርስ ቀናት ቀርተውታል።

ኢሱዙው ላይ ወጥቶ አየው። በስልክ ካየው ያንሳል፤ ቀይ ቡኒው በየአገሩ ጭቃ ተሸፍኗል። ኮርቻው ላይ ጥቁር ጃኬት አለ፣ በቀጭን ገመድ እንደታሰረ። ወደቡም፣ ጉምሩኩም፣ ሰላሃዲንም ማንም አልፈታውም። ቋጠሮው የፈረሰኛ ነው፤ ጋሮማ ራሱ ነው ለልጁ በሕፃንነቱ ያስተማረው። ሊፈታው እጁን ሰደደና ተወው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የሆነውን ስሙ። ለዘርሁን ማንም አልነገረውም። ወንዲ ዋቆ ነግሮታል ብሏል፣ ዋቆ ወንዲ ይነግረዋል ብሏል፣ ጋሮማ ሁለቱም ነግረውታል ብሏል። የኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ክፉ ወሬ ሁሉም ያውቀዋል፣ ከአፉ እንዲወጣ የሚፈልግ ግን የለም፣ እያንዳንዱ ለሌላው ይተወዋል። ዘርሁን ደግሞ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ከሰበታ እስከ ቡራዩ ስለ ሌንጮ አወራ። "ልጅዎ ወንድ ነው አባባ። ብቻውን ይኼን ሁሉ አገር? መቼ ነው እሱ የሚገባው? የገባ ቀን ይጥሩኝ፣ በግ ይዤ ነው የምመጣው።" ጋሮማ፣ "ያግባው" ይላል። አሁን ልንገረው ይልና፣ የሰውየውን የሳቀ ፊት ሲያይ ይተወዋል። ቡራዩ ላይ ወንዲ ወጥቶ ወረቀቱን አየ፣ የጋሮማን ትከሻ ነካ አድርጎ ተመለሰ። ለዘርሁን እሱም አልነገረውም።

ዋቆ ቤት ለመድረስ በወተት ማሰባሰቢያው በኩል ማለፍ ግድ ነው። የከሰዓቱ ወተት የሚገባበት ሰዓት ነበር። ኤቢሴ ሰልፉ ላይ ቆማለች።

ኢሱዙው ክፍት ነው። ሞተሩን ከሩቅ አየችው። ጀሪካኗን አስቀምጣ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ወደ አስፋልቱም ወጣች። ዘርሁን ማን መሆኗን ሳይነግሩት ገባውና እየሳቀ ቆመላት።

"እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ። ባለቤቱም በሰላም ይግባ" አላት።

"አሜን። አሜን ወንድሜ" አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጋሮማን ጋቢና ውስጥ ስታየው፣ "አንተ ሌባ፣ ገለባ ነው ያልከኝ? ልታስደንቀኝ ነው?" አለችው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ከመኪና መውረድ ከብዶት አያውቅም።

ዋቆ ወሬ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። "እኔ ግቢ ይደር፣ ነገ እናመጣዋለን" አለ።

"ለምን? ቤት የለውም?" አለች ኤቢሴ። አራት ሰው ተጋግዞ አወረደው። "አስነሱት እስቲ፣ ድምፁን ልስማው" አለች።

"አይነሳም እናቴ" አለ ዘርሁን። "ሲጫን ቤንዚኑን ቀድተው፣ የባትሪውን ገመድ ፈትተው ነው።"

"እውነት ነው፣ ፈታሁ ብሏል" አለች። "እንግዲያ አንተ ሳበው፣ አባ ሌንጮ። ፈረስ መሳብ ላንተ አይነገርም።" ብላ በሩን ልትከፍት ቀድማቸው ሄደች።

ጋሮማ ያዘው። እንድታውቅ ብሎ አይደለም፤ ሊደብቃት ብሎም አይደለም። ምንም አላሰበም። እጁ ነው ያወቀው። በግራ በኩል ቆመ፤ አንድ እጁን መሪው ላይ፣ አንድ እጁን ጃኬቱ ላይ አደረገ። አንገቱ ራሱ ወደ ሞተሩ ዘንበል አለ። እግሩም ራሱ የሚያውቀውን ሄደ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ወተታቸውን እያስቀመጡ ከኋላው ገቡ። ማንም ተከተሉ አላላቸውም። የሚያውቁት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ የማያውቁት እነሱን አይተው አወቁ። ዘርሁን ኮፍያውን አውልቆ እመኪናው ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ።

ኤቢሴ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ እልል ልትል ዞረች። አፏ ተከፈተ። መጀመሪያ ያየችው አረማመዱን ነው። ስንት ዓመት በዚያ በር ላይ አቁማ አራግፍ ያለችው አረማመድ ነው። ከዚያ ኮርቻው ላይ ያለውን ጃኬት አየች። ከዚያ ዝም ብሎ የሚከተለውን ሰው አየች።

"አባ ሌንጮ" አለች።

"አቤት።"

"ቁም።"

ቆመ። ሁሉም ቆመ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጥቅምት።"

"ግድግዳውን ሳስቀባ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ፈርም ስልህ?"

"አውቅ ነበር፣ ሃዳ ሌንጮ።"

መጥታ በሁለት እጇ ደረቱን መታችው። ደግማ መታችው። "ይኼን ሁሉ ጊዜ ልጄን ሳላለቅስለት አኖርከኝ። ሞቶ፣ ፍራሽ አስገዛኸኝ" አለች። ጋሮማ አልሸሸም፤ ሞተሩ እንዳይወድቅ ብቻ መሪውን አጥብቆ ያዘ። መምታቷን ስትተው እጇ እዚያው ደረቱ ላይ ነበር። ቀና ብላ ፊቱን አየችው፤ የከሳ ነው፣ ዓይኑ የጎደጎደ ነው፣ አቧራ ሲላት የከረመ ዓይን።

"ብቻህን ነው ያለቀስከው?" አለችው።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ኤቢሴ ነጠላዋን አወረደች፣ አዘቀዘቀች። ዋቆና አብረው የተከተሉት ሽማግሌዎች እንግዲህ ትወድቃለች ብለው ሊይዟት ተጠጉ። አልወደቀችም። በሞተሩ ቀኝ በኩል ዞራ ሌላውን እጀታ ያዘች፣ በዚያ አገር ሴት ያልያዘችውን ቦታ፤ ተይ ያላት ሰው አልነበረም።

"አስገባው" አለች። "አዙረው።"

ግቢውን አዞሩት። እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ፣ ሕዝቡ ከኋላ። ዳማ ድምፅ የለውም፤ ካቴናው ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። አዙረው ሲጨርሱ የጽዱ ግንድ ጋ ደረሱ፣ የድሮው ዳማ ይታሰርበት የነበረው ጋ። ጋሮማ ሞተሩን በመቆሚያው አቆመው። ኤቢሴ የጃኬቱን ቋጠሮ ፈታች፣ ጃኬቱን አንስታ ፊቷ ላይ አደረገችው፣ አንዱን እጅጌ ለባሏ ሰጠችው።

"በል አባ ሌንጮ" አለችው፣ "አሁን አብረን እናልቅስ።"